ሲጋራን ማቆም፦ ከዝግጅቱ ሳምንት እስከ መጀመሪያው ዓመት

ሲጋራ ለማቆም የሞከረና ያልሆነለት ሰው ከዘመድ ወዳጅ የሚሰማው ቃል ብዙ ጊዜ «ልብህ አልቆረጠም» የሚል ነው፤ እርሱም ይህንኑ አምኖ ራሱን እየወቀሰ ወደ ፓኮው ይመለሳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዚህ ወቀሳ በተለየ እምነት ነው። ቁርጠኝነት የግድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አጫሹን የሚጥሉት ፈተናዎች ድንገተኛ አይደሉም፤ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ቦታና ከታወቀ ሰው ጋር የሚመጡ ናቸው። ከጠዋቱ ቡና ጋር፣ ከምሳ በኋላ፣ በጫት ላይ፣ ከድራፍት ጋር የምትለኮሰዋ ሲጋራ መቼ እንደምትመጣ አጫሹ ራሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ለእነዚያ ሰዓታት አስቀድሞ መሰናዳት ይቻላል፤ ከታች የተዘረዘሩት እርምጃዎችም በአብዛኛው የሚያተኩሩት በዚህ ስንቅ ላይ ነው።

ድካሙ ምን ያስገኛል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ካላቆሙ አጫሾችም እስከ ግማሽ የሚደርሱት የሚሞቱት በዚሁ ጠንቅ ነው። ከዚህ አጠቃላይ ቁጥር ይልቅ ግን ለአንድ አጫሽ የበለጠ የሚጠቅመው በእንግሊዝ የተደረገው ረጅም ጥናት ይመስለኛል። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመሩት ይህ ጥናት ከ34,000 በላይ ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመታት ተከታትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ውጤት፣ ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ዋናው ቁም ነገር የሚገኘው ካቆሙት ዘንድ ነው፦ በ30 ዓመታቸው ያቆሙት የሚያጡትን 10 ዓመት ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ አስመልሰዋል፤ በ40 ያቆሙት 9 ዓመት፣ በ50 ያቆሙት 6 ዓመት፣ በ60 ያቆሙት ደግሞ 3 ዓመት ገደማ አትርፈዋል። «ከእንግዲህ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ባቆምስ ምን ዋጋ አለው» ለሚሉ አባቶችና እናቶች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ ሦስት ዓመት የልጅ ልጅን አድጎ ለማየት የሚበቃ ዕድሜ ነውና።

አካል ማገገም የሚጀምረው ወዲያው ነው። የመጨረሻው ሲጋራ ከጠፋ ከ20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምት ይረጋጋል፤ በ12 ሰዓት ውስጥ ከጭሱ ጋር ወደ ደም የገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማው መጠን ይወርዳል፤ በቀጣዮቹ ወራት ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይቀንሳል። በአንድ ዓመት ውስጥ በማጨስ ምክንያት የመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም ስጋት በግማሽ ይወርዳል፤ በ10 ዓመት የሳንባ ካንሰር ስጋት ማጨሱን ከቀጠለ ሰው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ይሆናል። የሳንባ ነቀርሳ ገና በሰፊው በሚገኝበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ፤ ማጨስ በነቀርሳ የመያዝን ዕድል ከእጥፍ በላይ ከፍ ያደርጋል፣ ሕክምናውንም ያከብዳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ተከራይቶ የሚኖር አጫሽ ደጅ ወጥቶ ቢያጨስ እንኳ ጭሱን በልብሱና በጋቢው ላይ ተሸክሞት ይገባል፤ ውስጥ የሚያጨስ ከሆነማ ሕፃናቱን ለአስም፣ ለሳንባ ምችና ለጆሮ ሕመም ያጋልጣቸዋል።

«እኔ በቀን አንድ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የማጨሰው» የሚለውን ማጽናኛም እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው ከማጨሱ የሚመጣበት የልብ ሕመም ስጋት የሃያ ሲጋራ አጫሹን አንድ ሃያኛ ሳይሆን ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። መቀነስ ወደ ማቆም የሚያደርስ መንገድ ሆኖ ካላገለገለ በቀር ብቻውን ልብን አያድንም።

ሱሱ እንዴት ይሠራል?

ኒኮቲን ከሳንባ ወደ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ብቻ ይፈጅበታል፤ እዚያም የእርካታ ስሜት የሚሰጠውን ዶፓሚን ያስለቅቃል። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ አንጎሉ የለመደውን መልሶ መጠየቅ ይጀምራል፤ ሐራራ የምንለው ይህን ነው። አጫሹ ቀጣዩን ሲጋራ ሲለኩስ የሚሰማው ዕፎይታ በአብዛኛው ቀዳሚው ሲጋራ ያመጣበትን ጭንቀት ማስታገሻ ነው። «ሲጋራ ያረጋጋኛል፣ ብተወው እበሳጫለሁ» የሚለው ስጋት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነት ቢሆንም፣ ካቆሙ በኋላ ጥቂት ወራት ያለፋቸው ሰዎች ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ከማጨስ ዘመናቸው ይልቅ ቀንሶ ይገኛል።

አንደኛ፦ አንድ ሳምንት መመዝገብ

ከማቆምዎ በፊት ለአንድ ሳምንት እንደ ወትሮዎ ያጭሱ፤ ነገር ግን እያንዳንዷን ሲጋራ ከመለኮስዎ በፊት በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ወይም በስልክዎ ላይ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮዎት ያለውን ሰውና የሐራራውን ብርታት ይጻፉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለት ዓይነት ሲጋራዎች ተለይተው ይታዩዎታል። አንዳንዶቹን የሚጠይቀው አካልዎ ነው፤ ሌሎቹን የሚጠይቀው አጋጣሚው ነው፤ ማኪያቶው መጥቶ ስለቀረበ፣ የሥራ ባልደረባዎ «እንውጣ» ስላለ፣ ታክሲ ስለዘገየ የተለኮሱ ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ መድኃኒት ሊረዳ ይችላል፤ ለሁለተኛዎቹ ግን የቀን ውሎዎን መለወጥ ግድ ይላል።

በዚህ መዝገብ ላይ በተለይ ከእንቅልፍ በነቁ በስንት ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ እንደሚለኩሱ ይመልከቱ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሱሱ ሥር የሰደደ ነው ማለት ነው፤ ይህም ያለ መድኃኒት እርዳታ መግፋት እንደሚከብድ የሚያመለክት ምልክት ነው።

ወጪውንም በዚሁ ደብተር ይሥሩት። በቀን 10 ፍሬ የሚያጨስ ሰው በዓመት 3,650 ፍሬ ያጨሳል፤ ይህን በሰፈርዎ ሱቅ ባለው የአንዷ ፍሬ ዋጋ ያባዙት። በፍሬ እየገዛ የሚያጨስ ሰው ወጪው በየቀኑ ስለሚበታተንበት ድምሩን አስልቶት አያውቅም፤ ቁጥሩን በጽሑፍ ማየት ብዙዎችን አስደንግጧል።

ሁለተኛ፦ ቀን መቁረጥ

ከምዝገባው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንድ ቀን ይምረጡ። ሠርግ፣ የቢሮ ግብዣ ወይም ከባድ ጉዳይ ያለበትን ሳምንት ይዝለሉት። የጾም ወቅት ለብዙዎች የተመቸ መነሻ ነው። በረመዳን የሚጾም ሙስሊም አጫሽ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቅ ድረስ ያለ ሲጋራ ይውላል፤ ስለዚህ አካሉ ረጅሙን ሰዓት መቻል እንደሚችል በተግባር አይቷል፤ የሚቀረው ከኢፍጣር በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰዓታት ማለፍ ነው። ዐቢይ ጾምን የሚጾም ክርስቲያንም ምግቡንና መጠጡን በሚለውጥበት በዚያው ቀን ሲጋራውን ቢተው፣ አዲሱ ልማድ ለ55 ቀናት የሚደገፍበት ማኅበራዊ አጥር ያገኛል።

እየቀነሱ ማቆምም ሆነ በአንድ ጊዜ ማቆም ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ በአንድ ጊዜ መተውን እመርጣለሁ፤ የመቀነስ ዕቅድ የመጨረሻ ቀን ካልተቆረጠለት ወራት እየተጎተተ ይረሳልና።

ሦስተኛ፦ መድኃኒቱን ማወቅ

ያለ ምንም እርዳታ በአንድ ሙከራ አቁመው እስከ ዓመት የሚዘልቁት ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑት ብቻ ናቸው። የመማከርና የመድኃኒት ድጋፍ ይህን ዕድል በግልጽ ያሳድገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ባወጣው የሕክምና መመሪያ አራት አማራጮችን ይመክራል፦ የኒኮቲን ምትክ (በቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የሚታኘክ ማስቲካና የመሳሰሉት)፣ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮን እና ሳይቲሲን። በአገራችን ፋርማሲዎች ሁሉም ሁልጊዜ አይገኙም፤ ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቀው ምን እንደሚገኝ ያረጋግጡ።

የሚለጠፈው ኒኮቲን በየጠዋቱ ንጹሕ፣ ደረቅና ፀጉር በሌለው ቆዳ ላይ፣ ለምሳሌ በላይኛው ክንድ ላይ ይለጠፋል፤ ቆዳው እንዳይቆጣም ቦታው በየቀኑ ይለወጣል። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ ሰው የተለመደው አወሳሰድ ባለ 21 ሚሊ ግራሙን ለስድስት ሳምንት፣ ባለ 14ቱን ለሁለት ሳምንት፣ ባለ 7ቱን ለሁለት ሳምንት መለጠፍ ነው። ሌሊት ቅዠት ካበዛብዎት ሲተኙ ያንሡት።

ማስቲካው ብዙ ሰው በስሕተት የሚጠቀምበት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልግለጸው። እንደ ተራ ማስቲካ በኃይል ከታኘከ ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ወደ ሆድ ወርዶ ስቅታና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ሐራራውንም አያስታግስም። ትክክለኛው መንገድ ቀስ ብሎ ጥቂት ጊዜ ማኘክ፣ አፍን እንደ በርበሬ ለብለብ ሲያደርግ ማቆምና ማስቲካውን በጉንጭና በድድ መካከል ወሽቆ ማቆየት ነው፤ መለብለቡ ሲጠፋ እንደገና ማኘክ፣ እንደገና ማሳረፍ፣ እንዲህ እያሉ ለግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት። ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ የአፍን ውስጥ አሲዳማ በማድረግ ኒኮቲኑ እንዳይሰርግ ስለሚከለክሉ፣ ማስቲካውን ከመያዝዎ 15 ደቂቃ በፊትም ሆነ በአፍዎ እያለ አይጠጧቸው። ከነቁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚያጨስ ሰው ባለ 4 ሚሊ ግራሙ፣ ለሌላው ባለ 2ቱ ይመከራል። የሚለጠፈውን ከማስቲካው ጋር አጣምሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

ቫሬኒክሊን ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ተጀምሮ በአብዛኛው ለ12 ሳምንት የሚወሰድ ክኒን ነው። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰዱ ናቸው። ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ በቅርቡ የልብ ሕመም ያጋጠማቸው፣ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ እንዲሁም ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ከማቆማቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል፤ የሲጋራ ጭስ አንዳንድ መድኃኒቶችን ጉበት ቶሎ እንዲያስወግዳቸው ስለሚያደርግ፣ ማጨስ ሲቆም የክሎዛፒንና የኦላንዛፒን ዓይነቶቹ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላልና።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አላቸው። በአሜሪካ በ1-800-784-8669 ደውሎ ነጻ ምክር ማግኘት ይቻላል፤ ሲደውሉ በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም። በእስራኤል ደግሞ የጤና ድርጅቶቹ፣ ማለትም ኩፖት ሆሊም፣ የማቆሚያ ሥልጠናና የመድኃኒት ድጎማ ይሰጣሉ።

አራተኛ፦ የዋዜማው ምሽት

ላይተሩን፣ ክብሪቱን፣ መተርኮሻውንና በየኪሱ የተረሳውን ፍሬ ሰብስበው ያስወግዱ፤ «ለክፉ ቀን» ተብሎ የሚቀመጥ ሲጋራ ክፉውን ቀን ይጠራል። ጃኬትዎን፣ ጋቢዎንና መጋረጃዎን ያሳጥቡ። ቀጥሎ በፍሬ ከሚሸጥልዎት ባለ ሱቅ ጋር ይነጋገሩ፤ «ከነገ ጀምሮ አቁሜአለሁ፣ ብጠይቅህም አትስጠኝ» ብሎ መናገር ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በማግስቱ ሐራራው ሲያይል እግርዎ ወደዚያ ሱቅ ሲያመራ በመንገድዎ ላይ የሚቆመው ይህ የተናገሩት ቃል ነው።

ለቤተሰብና ለጓደኛ መንገር የተለመደ ምክር ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው ከወላጁ፣ ከባለቤቱና ከጎረቤት ተደብቆ ስለሚያጨስ ማቆሙን ለመናገር ማጨሱን መናገር ይኖርበታል። ይህ ሸክም በሴቶች ላይ እጅግ ይከብዳል፤ የሚያጨሱ ሴቶች ከሚደርስባቸው ስም የተነሣ ሐኪም ፊት እንኳ ሳይናገሩ ብቻቸውን ይታገላሉ። እንዲህ ላለ ሰው አንድ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ይበቃል፤ እኅት፣ የልብ ጓደኛ ወይም የጤና ባለሙያ ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው ሐራራው ሲመጣ ሊደወልለት የሚችል ሰው መኖሩ ነው።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ማቆም የሚያመጣው ሕመም የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። ንዴት፣ እረፍት ማጣት፣ የትኩረት መበተን፣ የእንቅልፍ መዛባትና ርኃብ ይኖራል፤ አብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለዝባል። ይህን ሁሉ ለመቻል ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ አንድ ሐራራ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ተነሥቶ ያልፋል፤ ቢያጨሱም ባያጨሱም ያልፋል። ስለዚህ ሥራዎ ቀኑን ሙሉ መታገል ሳይሆን እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች ማሳለፍ ነው። ሰዓትዎን ይመልከቱ፤ ከተቀመጡበት ይነሡ፤ ውኃ በዝግታ ይጠጡ፤ በአፍንጫ በረጅሙ አየር ስበው በአፍ ያውጡ፤ ቆሎ ወይም ቅርንፉድ በአፍዎ ይያዙ፤ ለሚያምኑት ሰው ይደውሉ። እጅ ሥራ ሲፈታ ሲጋራ ስለሚፈልግ መቁጠሪያ፣ ብዕር ወይም ቁልፍ ይያዙ።

ቡናን በሚመለከት ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጉዳይ አለ። በጭሱ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲሰባብር ያደርጋሉ፤ ማጨስ ሲቆም ይህ ፍጥነት ስለሚቀንስ ያው የለመዱት ስኒ በደም ውስጥ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ይቆያል። ያቆመው ሰው ልቡ ሲመታ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥና ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ «ሲጋራው ነው» ብሎ ይደመድማል፤ በከፊል ግን ቡናው ነው። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል የሚጠጡትን በግማሽ ይቀንሱ፤ ከአቦል፣ ቶናና በረካ አቦልን ብቻ ጠጥተው ይነሡ፤ ከሰዓት በኋላ በሻይ ይለውጡት። ቡናውን የሚጠጡበትን ቦታም ይቀይሩ፤ ደጅ ላይ ቆመው ማኪያቶ ከሲጋራ ጋር ይጠጡ ከነበረ፣ ወደ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ።

ጫት ከሁሉ ይከብዳል። ምርቃናው ሲይዝ ሲጋራ በሲጋራ ላይ ይለኮሳል፤ ክፍሉ በጭስ ይሞላል፤ ሌላ ቀን በሙሉ የጸና ሰው በአንድ ከሰዓት ብቻ ድካሙን ሁሉ ያጣል። ከዚያ ወዲያ ምርቃናውን ለመስበር የሚከተለው ጨብሲ ደግሞ ራስን የመግዛት አቅም የቀረውን ያህል ይወስደዋል። በእኔ እምነት የሚቅም አጫሽ ሲጋራውን ብቻ ነጥሎ ለማቆም ከሚሞክር ይልቅ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ጫቱንም አብሮ ቢተው ይሻለዋል፤ ሕመሙ በመጀመሪያው ሳምንት ቢከብድም ወጥመዱ ግን ይነሣለታል። የሚቅምበትን ሰዓት ባዶ አይተወው፤ ከሰዓት በኋላ ላለው ለዚያ ጊዜ የእግር ጉዞ፣ ስፖርት፣ የዘመድ ጥየቃ ወይም ሌላ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ አስቀድሞ ይያዝለት። አልኮልንም በዚያው ወር መተው ይመረጣል።

ጓደኛ «አንዴ ብቻ ሳብ አድርግ» ሲል መልሱ አጭር ይሁን፦ «ትቻለሁ።» «ለማቆም እየሞከርኩ ነው» የሚለው ለጋባዡ የክርክር በር ይከፍታል፤ ምክንያት መደርደርም እንዲሁ። ሺሻና የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ ሲቀርቡም መልሱ ያው ነው። የሺሻው ውኃ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራውም፤ በአንድ የሺሻ ቆይታ የሚሳበው ጭስም ከአንድ ሲጋራው እጅግ ይበዛል።

ስድስተኛ፦ ከሁለተኛው ሳምንት ወዲያ

ምግብ ይጣፍጥዎታል፤ ክብደትም ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው። ይህ ጭማሪ ማቆም ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር የሚወዳደር ጉዳት የለውም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ጥብቅ የምግብ ቁጥጥር አይጨምሩበት። ሳል ለጥቂት ጊዜ ሊብስ ይችላል፤ ሳንባው አክታውን እየጠረገ ነውና አይደናገጡ። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ግን ሳይዘገዩ ይመርመሩ።

ከወራት በኋላ ሐራራው ባልጠበቁት ቀን ይመለሳል፤ በልቅሶ ቤት፣ በጠብ ማግስት፣ ከረጅም ጊዜ የጠፋ ወዳጅ ሲገኝ። ያን ቀን አንዲት ሲጋራ ቢያጨሱ «እንግዲህ ተበላሸ» ብለው ፓኮ አይግዙ። የተረፈውን ጥለው ከቦታው ይነሡ፤ በዚያው ዕለት ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ማስቲካውን ወይም የሚለጠፈውን እየተጠቀሙ ከነበረም አያቋርጡ። የመጀመሪያውን ደብተር አውጥተው ያችን ሲጋራ እንደ ሌሎቹ በሰዓቷ፣ በቦታዋና አብሮዎት ከነበረው ሰው ጋር ይጻፏት። ሙሉ በሙሉ ተመልሰው ማጨስ ከጀመሩ ደግሞ ብዙ ሰው ለዘለቄታው የሚያቆመው ከበርካታ ሙከራ በኋላ መሆኑን አውቀው፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሌላ ቀን ይቁረጡ፤ በዚህኛውም ጊዜ የጣለዎትን ያንኑ ሰዓት አስቀድመው ይሙሉት፤ ያለ መድኃኒት ሞክረው ከነበረ በመድኃኒት፣ በአንድ ዓይነት ብቻ ሞክረው ከነበረ በጥምር ይሞክሩ።